የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ የስብ ሴል ሲያብጥ ኮሌስትሮሉ የት ይገባል?

ክበቡ ዘንድሮ ብዙ ርዕስ ከመነካካት ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆይቷል፤ ጥያቄውም ከላይ የተጻፈው ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በማይክሮስኮፕ ሥራ አለፈ። ተዘጋጅቶ በመጣው ስላይድ ላይ የታየው የባዶ ክቦች መረብ ብቻ ስለነበር አባላቱ «ስቡስ የታለ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስላይዱ ሲሠራ የሚገባበት አልኮልና ዛይሊን የተባለ አሟሚ ፈሳሽ ስቡን አሟሙቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ከትኩስ የእንስሳ ስብ የስፒል ራስ የምታክል ቁራጭ ተወስዳ በሁለት ስላይዶች መሃል በቀስታ ተጫነች፤ በ70 በመቶ አልኮል የሟሟ ሱዳን 3 የተባለ ስብን የሚያቀልም ቀለም ተጨመረባት። እያንዳንዱ ሴል አንድ ትልቅ ብርቱካናማ ጠብታ ታቅፎ ታየ። በኃይል የጫኑት ሴሎቹን አፈነዱና የፈሰሰውን ዘይት ሴል ነው ብለው ሣሉት፤ በ95 በመቶ አልኮል ያጠቡት ደግሞ ቀለሙን ከነስቡ አጡት።

በሁለተኛው ሴሚስተር የጭቃ ሞዴል ተሠራ። የመጀመሪያው ንድፍ ኮሌስትሮሉን ጠብታው ውስጥ ስለከተተው ፈርሷል። የጠብታው ሆድ በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ የተባለው የክምችት ስብ ነው። የስብ ሴል ኮሌስትሮል አብዛኛው ነጻ ሆኖ በሴሉ ሽፋንና በጠብታው ገጽ ላይ ይቀመጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድቡልቡል ጭቃ ላይ ኮሌስትሮሉን የሚወክሉ 56 ቀይ ስፒሎች ተሰኩ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት መሆኑ ነው። እነዚያው ስፒሎች 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው ሌላ ድቡልቡል ሲዛወሩ ለሁለት ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ብቻ ደረሰ። ገጹ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ስምንት እጥፍ አድጓልና።

እውነተኛው ሴል ኮሌስትሮል ከደም ይጨምራል እንጂ እንደ ጭቃው በነበረው ብቻ አይቀርም። ነገር ግን ያበጠው ጠብታ ወደ ራሱ ገጽ ስለሚስበው፣ ጠቅላላ መጠኑ በዝቶም በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ኮሌስትሮል ይሳሳል። ሴሉም ኮሌስትሮል እንደጎደለው ይቆጥርና ኤስአርኢቢፒ-2 የተባለውን ፕሮቲን ያነሣሣል፤ ይህም ኮሌስትሮል የሚሠሩና ከደም የሚቀበሉ ጂኖችን ያስነሣል። በሽፋኑ ላይ ያሉት ካቪዮላ የተባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያለ ኮሌስትሮል ቅርጻቸውን አይጠብቁም። የኢንሱሊን ተቀባዮች ደግሞ እዚያ ስለሚሰበሰቡ ሴሉ ለኢንሱሊን የሚሰጠው መልስ ይደክማል፤ የሚያስገባው ግሉኮስም ይቀንሳል።

ጭቃው በሦስተኛው ቀን ደርቆ ስለተሰነጠቀ ስፒሎቹ ረግፈዋል። ለሚቀጥለው ዓመት አባላት ፕላስቲሲን ይሻላል።