የቱቦው ስም ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በልክ ስለሚሠሩ የብስክሌት ፍሬሞች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው። ነገር ግን ውድ ቅይጥ ብረት የተመረጠለት ፍሬም ይበልጥ ግትር ይሆናል መባሉ ስህተት ስለሆነ ቢታረም እላለሁ። ይህን አምኖ ሠሪ ዘንድ የሚሄድ ደንበኛ ብዙ ከፍሎ የፈለገውን ተቃራኒ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ተራው የካርቦን ብረትም ሆነ ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት)፣ የቱቦ አምራቾቹ የሬይኖልድስም ሆነ የኮሎምበስ ብረት፣ እኩል ጭነት ሲያርፍባቸው የሚለጠጡት እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሁሉም የመለጠጥ ልክ፣ ማለትም መለጠጥን የሚቋቋሙበት መጠን፣ 200 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ቅይጡ የሚጨምረው ጥንካሬን ነው፤ ማለትም ብረቱ ጎብጦ የሚቀርበትን ጭነት ከፍ ያደርገዋል። ይህ ጥንካሬ የሚጠቅመው ግድግዳውን ለማሳሳት ነው። የውጭው ስፋት ሳይለወጥ ግድግዳው ከ0.9 ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ግን ፍሬሙ ቀለለ እንጂ አልገተረም። ፔዳል ሲረገጥ እንዲያውም ይበልጥ ይወላገዳል።

ግትርነት የሚገኘው ከስፋት ነው። 28.6 በ0.9 የሆነ፣ ማለትም የውጭ ስፋቱ 28.6፣ ግድግዳው 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 615 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 31.8 በ0.8 የሆነውም ያው 610 ገደማ ነው። ይሁንና ሁለተኛው መታጠፍንም መጠምዘዝንም በሩብ ያህል የበለጠ ይቋቋማል። ታዲያ ስፋቱን እየጨመርን ግድግዳውን ለምን ወረቀት አናደርገውም? እንደ ለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በትንሽ ግጭት ስለሚሰረጉድ ነው።

ስለዚህ ክብደቱ ቀለል ላለ ሰው የጥንቱ ልክ፣ ማለትም የላይኛው ቱቦ 25.4፣ የታችኛው 28.6፣ ግድግዳቸውም 0.8/0.5/0.8 የሆነው ዛሬም ያስደስታል። ከበድ ላለ ወይም ዕቃ ጭኖ ለሚጓዝ ሰው ግን 28.6 እና 31.8፣ በ0.9/0.6/0.9 እመርጣለሁ። የላይኛው ቱቦ ሲቀጥን ነው ጭነት የያዘ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጠው።

እንደ 0.8/0.5/0.8 ያሉት ሦስት ቁጥሮች ቱቦው ጫፍና ጫፉ ወፍሮ መሐሉ የሳሳ መሆኑን ይናገራሉ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ጫፎች ወፍራም ክፍል ርዝመት ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በአንድ በኩል 80፣ በሌላው 120 ሚሊ ሜትር ወፍራም ክፍል አለው እንበል። የሚፈለገው 540 ከሆነና 60ው ከአጭሩ በኩል ከተቆረጠ፣ የቀረው ወፍራም ክፍል 20 ብቻ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ስሱ ብረት ላይ ያርፋል፣ ስንጥቁም ውሎ አድሮ የሚጀምረው እዚያው ነው። ከረጅሙ ሲቆረጥ ግን 60 እና 80 ይቀራል። የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት ከጠፋ ቱቦውን በጠባብ ጠርዝ ላይ ሚዛን ማስያዝ ነው፤ ሚዛኑ ከመሐል ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ረጅሙ ወፍራም ጫፍም በዚያ በኩል ነው። በነሐስ የሚበየድ ፍሬም ሙቀቱ ከቲግ (በኤሌክትሪክ ቅስት ከሚሠራ ብየዳ) ይልቅ ሰፋ ብሎ ስለሚዳረስ ለእሱ የበለጠ ወፍራም ክፍል ማስቀረት ይበጃል።

የኮርቻው ቱቦ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተለመደው 28.6 ቱቦ ከታች በፔዳሉ በኩል 0.9፣ ከላይ 0.6 ነው። ከላይ የውስጡ ስፋት 27.4 ስለሚሆን 27.2 የሆነው የኮርቻ ምሰሶ ይገባል። ተገልብጦ ከተበየደ ግን የውስጡ ስፋት 26.8 ነው፤ ምሰሶው አይገባም። ሞርዶ ለማስፋት መሞከር ወፍራሙን ብረት ከላይ መጨረስ ነው፣ ከታች ያለው ስሱም እንደሳሳ ይቀራል።

የቅይጡ ስም ዋጋ የሚያገኘው ከብየዳው ዓይነት ጋር ሲታይ ነው። በ1935 የወጣው ሬይኖልድስ 531 በማያያዣ እጅጌ ውስጥ ገብቶ በነሐስ ወይም በብር እንዲበየድ የታሰበ ነው፤ በቲግ አይበየድም። የዚያው ኩባንያ 853 ግን ከብየዳ በኋላ በአየር ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ለቲግ ይስማማል። ለጀማሪ በያጅ ከሁለቱም ይልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.9 የሆነ ተራ ክሮሞሊ ይሻለዋል፤ በአንድ ሰከንድ መዘግየት አይበሳምና።

የዲስክ ፍሬን የሚፈልግ ደንበኛ ይህን ገና ቱቦ ሳይመረጥ ይናገር። ፍሬኑ የሚይዘው በግራ በኩል ብቻ ስለሆነ የግራው የፊት ሹካ እግር ለጎማ ጠርዝ ፍሬን ታስቦ ከቀጠነ ይጎብጣል፤ የኋላውም እንዲሁ ወፈር ማለት አለበት።

በመጨረሻ፣ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ይነበብ። አንዳንዱ በትንሽ ፊደል ሦስቱን ዋና ቱቦዎች ብቻ እንደሚመለከት ይገልጻል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ቱቦዎች ከምን እንደተሠሩ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፍሬም ሠሪ አንባቢያችሁ