«አይሆንም» በሉኝ ብዬ ለመንኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባለቤቴና ልጄ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኔ ጋር የተቀላቀሉት በፈረንጆቹ 2025 ጥር ላይ ነው። ልጄ እዚያ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። እዚህ በዕድሜዋ የምትገባው ዪር 7 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ማለት ነው። በመጡ በሳምንታቸው ለምንኖርበት ቦሮ ካውንስል (እንደ ክፍለ ከተማ ያለ የአካባቢ መስተዳድር ነው) የትምህርት ቤት ቦታ ማመልከቻ ሞላሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ የልደት ቀኗ ሆነ። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር አለ። የካውንስሉ ሠራተኛ ግን የእኛውን 10/2/2005 ወስዳ መዘገበች። ጥቅምት 10 ማለት በእነሱ ኦክቶበር 20 ቀን 2012 ነው። በኮምፒውተራቸው ልጄ የ19 ዓመት ወጣት ሆነችና ዕድሜዋ ለትምህርት ቤት አልፏል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እሷን ሲያስቃት ሰነበተ። ስህተት ማንም ይሠራል፤ አስረድቼ ጻፍኩ፣ አስተካከሉት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን አላሳቀንም። ስልክ ስደውል ሙዚቃ ይዘፈንልኛል። ሰው ሲገኝ «ትምህርት ቤቶቹን ጠይቀናል» ይለኛል። ትምህርት ቤቶቹ በር ላይ ስሄድ ደግሞ «ካውንስሉን ጠይቅ» ይሉኛል። እዚህ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አካዳሚ የሚባሉ ናቸው። እንደ አገር ቤቱ አካዳሚ የሚከፈልባቸው እንዳይመስላችሁ፤ ወጪያቸውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው፣ ተማሪ የሚቀበሉት ግን በራሳቸው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ኳሷን አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፌ ስማረር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እዚያ ቢያንስ ፊት ለፊት የምቆጣው ሰው ነበረኝ። እዚህ የምቆጣው በኢሜይል ሳጥን ላይ ነው።

ልጄ በዚህ መሀል ቤት ዋለች። ጠዋት እንደ ተማሪ ተነስታ ትለብሳለች፣ ከዚያ እናቷ ጋር ገበያ ትወጣለች። እንግሊዝኛዋን ከቴሌቪዥን ለመደች። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «አንቺ ለምን አትሄጂም?» ሲሏት የምትመልሰው አጥታ መውጣት ተወች።

እኔ እስኪመልሱልኝ መጠበቅ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ናት የነገረችኝ። የእንግሊዝ የተማሪዎች ቅበላ ደንብ በዓመቱ መሀል ለሚመጣ ማመልከቻ መልስ በጽሑፍ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት ይላል። በ10 የትምህርት ቀን ለመመለስ ቢጥሩ ይመረጣል ይላል። ቦታ ከከለከሉ ምክንያቱን ጽፈው ይግባኝ የመጠየቅ መብት እንዳለህ መንገር አለባቸው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይግባኝ የሚባለው እምቢ ሲሉህ ነው። እምቢ ካላሉህ የምትከራከርበት ወረቀት የለህም። ዝም ያለ ካውንስል ቦታውንም ይግባኙንም ነው የሚከለክልህ፤ ያውም ስሙን የትም ሳያሰፍር።

ስለዚህ «እባካችሁ ቦታ የለም በሉኝ፣ ግን በጽሑፍ በሉኝ» ብዬ ጻፍኩ። የደንቡን ቀን ጠቀስኩ፣ ማመልከቻዬን ያስገባሁበትን ኢሜይል አያያዝኩ። ወራት የጠፋው መልስ በዚያው ሳምንት መጣ። ሦስት ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል ይላል። ይግባኙን አስገባሁ። የሚሰማው ከትምህርት ቤቱም ከካውንስሉም ነፃ የሆነ ጉባኤ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኘላትና ከፋሲካ እረፍት በኋላ ጀመረች። እዚያ ትምህርት ቤት ክፍት ቦታ መቼ እንደተገኘ ጠይቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ልጅህን ያለ ፈቃድ 5 የትምህርት ቀን ብታስቀር ቅጣት ሊመጣብህ ይችላል። ከ2024 ነሐሴ ጀምሮ በአንድ ልጅ ለእያንዳንዱ ወላጅ 80 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ካልከፈልክ 160 ይሆናል። ለገና አገር ቤት ሄደው ጥቂት ቀን ዘግይተው የተመለሱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ደብዳቤውን የሚልከው ካውንስሉ ነው። ቀኑን አይስትም፣ አድራሻውንም አይስትም። የእኔን ልጅ ከጥር እስከ ፋሲካ ያስቀረው ያው ካውንስል ግን አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

ስልክ የሚያነሱትን ሠራተኞች አልወቅስም፤ አብዛኞቹ ትሑቶች ናቸው፣ ሥራውም እንደበዛባቸው ድምፃቸው ይናገራል። የምጠይቀው የካውንስሉን አመራር ነው። በየዓመቱ ስንት ማመልከቻ ከ15 ቀን በላይ እንዳሳደሩ ድረ ገጻቸው ላይ ያውጡ። የእኛ ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን የሚያወጡበት ድረ ገጽ እኮ አለ።

ለወገኖቼ ደግሞ፦ ማመልከቻ ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ኢሜይል አትሰርዙ። የትኛው ትምህርት ቤት ክፍት ቦታ እንዳለው ካውንስሉን ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ መናገር ግዴታው ነው። የልደት ቀን ስትሞሉ የፈረንጁን ብቻ ጻፉ። ቅሬታችሁን ለካውንስሉ አቅርባችሁ ካልተፈታ የአካባቢ መስተዳድር እንባ ጠባቂ አለ፣ በነፃ ነው። ያቺ እህትና እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቅጽ እንሞላለን። ላፕቶፕ ያለውና መጻፍ የማይሰለቸው ወጣት ካለ ይምጣልን፤ መስከረም ሲደርስ ሰው ይበዛብናል።

አንባቢያችሁ፣
ከሰሜን ለንደን