ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች

ለተከበሩ አባቴ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እስከ ዛሬ በላክሁልዎ ደብዳቤ ሁሉ «ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብያለሁ፤ ምስጋናው እውነት ነበር፣ ደህንነቱ ግን አልነበረም። ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ በማቆማቸው በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑም 4 ሰዓት ያህል ደሜ በማሽን እየታጠበ እኖራለሁ። ይህን የደበቅሁት እንዳይጨነቁ ብቻ ሳይሆን፣ አማኝ ሰው መከራውን አፉን ዘግቶ ይችላል የሚለውን ከእርስዎ ዝምታ የተማርኩ ስለመሰለኝ ነው።

የተሳሳትኩ መሆኔን ያወቅሁት ፍልሰታን እኛ ዘንድ የከረመችው አክስቴ ክንዴን አይታ ምስጢሬን በደረሰችበት ምሽት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከላስታ ተሰዳችሁ ቆረም መጠለያ ሳላችሁ፣ የበኩር ልጅዎን በቀበሩበት ሌሊት እርስዎ በዚያ ብርድ ደጅ ቆመው «ምን በደልሁህ?» እያሉ ከፈጣሪዎ ጋር ሲሟገቱ እንዳደሩ፣ ሲነጋ ግን ዳዊትዎን ከማኅደሩ አውጥተው እንደ ወትሮው መድገም እንደ ጀመሩ ነገረችኝ። አባቴ፣ ለእኔ የጎደለኝ የሌሊቱ ታሪክ ነበር፤ የማውቀው ንጋቱን ብቻ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፈ ኢዮብን ደግሜ አነበብሁት። ብዙዎቻችን ኢዮብን «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ባለበት በ1ኛው ምዕራፍ ላይ ትተነው እንሄዳለን፤ በ3ኛው ግን የተወለደባትን ቀን ይረግማል፣ ከዚያም በኋላ አምላኩን ፊት ለፊት ይሟገታል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ሥቃዩ የኃጢአቱ ዋጋ እንደ ሆነ ሲያስረዱት ይከርማሉ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ የተገሠጹት ግን እነርሱ ናቸው። (እኔም ምን በድዬ እንደ ሆነ የሚመረምሩ ጠያቂዎች አላጣሁም፤ ሻይ አፍልተን እንሸኛቸዋለን።)

ይህን ሲሰሙ አስቀድመው ጠበሉን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ሕክምናውን ትቼ ጠበል እንድገባ የመከሩኝ አሉ፤ ነገር ግን ሰውነቴ ውኃ ማስወጣት ስለማይችል የምጠጣው በመለኪያ ነው፣ ማሽኑን ብተው ደግሞ ፈሳሹ ሳንባዬ ውስጥ ይጠራቀማል። የንስሐ አባቴ ከጠበሉ አንድ ጉንጭ ብቻ እንድቀምስ፣ ሕክምናዬንም ለአንድ ቀን እንኳ እንዳላቋርጥ አዘውኛል። ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ያሉኝን ተቀብያለሁ፤ ጾሙን ግን በዚህ ዓመት ማስፈታታቸው ከመርፌው ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

በሬዎቹን ለመሸጥ እንዳይነሡ እለምንዎታለሁ፤ ታናሽ እህቴ ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ፈቅዳ ምርመራ ጀምራለች፤ ውጤቱ ሲታወቅ ሳልደብቅ እጽፍልዎታለሁ። አንዳንድ ሌሊት እፈራለሁ፤ እንደ እርስዎም እሟገታለሁ።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰኞ ሰኞ ዳዊት ሲደግሙ፣ ጌታችንም በመስቀል ላይ «ለምን ተውኸኝ» ብሎ የጮኸበት 21ኛው መዝሙር ላይ ሲደርሱ፣ ጥቂት ቆም ብለው በክርስትና ስሜ ያስቡኝ። ሰኞ ጠዋት የእኔም ተራ ነው፤ አንድ ክንዴ ከማሽኑ ጋር ታስሮ በሌላው እጄ ያንኑ መዝሙር ይዤ እጠብቅዎታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ