ጥናቱን አመቻቹ ራሱ ይሥራው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጳጉሜን 3 የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን በመጣ ቁጥር፣ ማንበብና መጻፍን ከዕለት ኑሮ ጋር አያይዞ በሚያስተምረው በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ጣቢያ ተከፈተ ሲባል እንሰማለን። የተመዘገበው ሰው የቀበሌ ማስታወቂያ ማንበብ ቻለ ወይ ለሚለው ግን መልስ የሚሰጥ የለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም የምስክር ወረቀት ከያዙት መካከል የሚያነቡት ነገር አጥተው ፊደሉን መልሰው የረሱት ጥቂት አልነበሩም። ይህን ለማወቅ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አጥኚ መጠበቅ አያስፈልግም። በየሳምንቱ ተማሪዎቹ ፊት የሚቆመው አመቻች፣ ማለትም የጎልማሶቹ አስተማሪ፣ ራሱ ሊያጠናው ይችላል።

አንዲት ጎልማሳ የፊደል ገበታው ላይ «ሚ»ን ሲያሳዩዋት ዝም ትልና በልቧ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብላ ቆጥራ ትደርስበታለች። መልሷ ትክክል ስለሆነ መዝገቡ ላይ «ታነባለች» ተብሎ ይሞላል። ሦስት ፊደል ያለው ቃል ሲሰጣት ግን የመጨረሻውን ቆጥራ እስክትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋባታል። ፊደል በዜማ በተማረ ሰው ዘንድ የተለመደ ችግር ነው፤ መለኪያውም ቀላል ነው። 20 ፊደላት በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ ይጻፉ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የተቀላቀሉ ይሁኑ፤ ከረድፋቸው ቅርጽ የሚያፈነግጡት እንደ «ር» እና «ን» ያሉ ሳድሶች አይቅሩ። ካርዶቹን አቀላቅሎ አንድ በአንድ እያሳዩ ወዲያው ለተነበበው «ወ»፣ ተቆጥሮ ለተደረሰበት «ቆ»፣ ላልታወቀው ሰረዝ ማድረግ ነው። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ለምሳሌ ለአራት ሳምንት ረድፉን በዜማ ማስባሉ ይቁምና ትምህርቱ ከሚታወቅ ቃል ይነሣ፤ «ቡና»ን ለሁለት ቆርጦ ያችኑ «ና» በ«ጤና» ውስጥ ማስፈለግ። በተመሳሳይ ጊዜ ሰዓቱንም መጽሐፉንም የቀየረ አመቻች ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም። በአምስተኛው ሳምንት ያው መለኪያ ካርዶቹ እንደገና ተቀላቅለው ይደገማል። «ቆ» ቀንሶ «ወ» ከጨመረ መልካም ነው፤ «ቆ» ቀንሶ ሰረዙ ከበዛ ግን ሰዎቹ መቁጠር ተዉ እንጂ ፊደሉን አልለዩም፣ ትምህርቱ ፈጥኖባቸዋል ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥናቱን የሚያበላሸው ከትምህርቱ የቀሩት ሰዎች ነገር ነው። ደካሞቹ ካቋረጡ ማንም ምንም ሳይማር የክፍሉ አማካይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ማወዳደር የሚገባው ሁለቱንም ጊዜ የተገኙትን ብቻ ሲሆን ያቋረጡት ለብቻ ይጻፋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ክፍሉን ባዶ ያደርጉታል፤ በጥር ሰው ተመልሶ ሲመጣ ዘዴዬ ሠራ ማለት ራስን ማታለል ነው። ተማሪ ከክፍል የቀረበትን ምክንያት ሲጠየቅ «ሥራ በዝቶብኝ» የሚለው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። መቅረቱ ከገበያ ቀን ጋር ይገጥም እንደሆነ መዝገቡን ማገላበጥ የተሻለ ይነግራል።

ዓይንም አይረሳ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ሰሌዳ ላይ ያለውን አንብቦ መጽሐፉ ላይ ያለውን ካቃተው፣ በተለይም ማታ በፋኖስ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው መነጽር ሊሆን ይችላል። መለኪያው «ፈተና» ባይባል ይመረጣል፤ ምራትና አማት በአንድ ክፍል በሚማሩበት አገር ጎልማሳን በሰው ፊት ማስነበብ በማግሥቱ ማስቀረት ነው። ለብቻ፣ ፈቃዷን ጠይቆ፣ ወረቀቱም ላይ በስም ፈንታ ቁጥር።

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ይህ ውጤት በአመቻቹ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ አይግባ፤ ከገባ በአንድ ሌሊት «ቆ»ው ሁሉ «ወ» ሆኖ ያድራል። ሁለተኛ፣ ዳራ፣ የጽሑፍ ዳሰሳ እየተባለ በአምስት ምዕራፍ ይጻፍ አይባል፤ እንዲህ ያለው ከሌላ ሰው ተገልብጦ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተቀየረ፣ የፊትና የኋላው ቁጥር፣ ያቋረጡት ብዛት። ገጹ በጉድኝት ማዕከሉ (በአጎራባች ትምህርት ቤቶች መገናኛ) ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ከዚያ በፊት ግን ለተማሪዎቹ ለራሳቸው።

ከጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎች