ተዋንያኑን ያደረቃቸው ማይክሮፎኑ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የባሕር ዳር ወጣቶች ስለሚያሳዩዋቸው ቆየት ያሉ ፊልሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ «የኒውዮርክ መብራቶች» በተሰኘው የአሜሪካ የወንጀል ፊልም ላይ ተዋንያኑ «እንደ እንጨት ደርቀዋል» ተብሏል። መድረቃቸው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም።

ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ይህ የ57 ደቂቃ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ንግግር ያለበት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎኑ ዕቃ መሐል ተደብቆ ይቀመጥ ነበር እንጂ ተናጋሪውን አይከተልም። ተዋናዩ ፈቀቅ ካለ ድምፁ ይሳሳል፤ ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ቃሉን እየረገጡ ይናገራሉ። ካሜራውም ጩኸቱ እንዳይቀዳ ድምፅ በማያሳልፍ ሣጥን ተዘግቶበት ነበርና እንደ ልቡ አይዞርም። ድምፁ ያለው ፊልሙ ላይ ሳይሆን 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሸክላ ላይ ነው። አንዱ ሸክላ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር 11 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ መርፌው ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር ይጓዛል። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቀጠል በጎደለው ምስል ልክ ጥቁር ካልተተካበት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ከአፍ ጋር ይለያያል።

ዛሬ ያው መለያየት ድምፁን በሚያዘገይ የብሉቱዝ ስፒከር በኩል ይመጣል፤ ተመልካቹም ፊልሙን ይወቅሳል። ስፒከሩን በገመድ አገናኙት። ገመድ ከሌለ በዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ «ጄ» (J) የምትባለዋን ፊደል መጫን ድምፁን በየጊዜው 50 ሚሊ ሰከንድ ያስቀድመዋል፤ አፍና ቃል እስኪገጥሙ ጫኑ።

የምስሉ ቅርጽ 4 ለ3 ነው። በ16 ለ9 ስክሪን ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ስክሪኑን ለመሙላት ካሰፋችሁት ከቁመቱ ሩቡ ይቆረጣል፤ በተለይ ባርኔጣ በሞላበት ፊልም ይህ ያሳዝናል። ወደ ጎን ከለጠጣችሁት ደግሞ ሰው ሁሉ በሲሶ ይወፍራል።

ከምስሉ ግርጌ የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም ለምትሠሩለትም አንድ ቃል እንጠቁም። የወንበዴዎቹ አለቃ ስለሚገደለው ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ በቀጥታ ሲመለስ «በመኪና አንሸራሽሩት» ይሆናል፤ ተመልካች ግራ ይጋባል። «ግደሉት» ማለትም ሽፍንፍኑን ይገልጠዋል። እንግዳን እስከ ደጅ መሸኘት በሚታወቅበት በጎጃም «ሸኙት» ቢባል ጨዋነቱም ዛቻውም አብረው ይሰማሉ።

ፊልም አሳዮች፣ ከባሕር ዳር