ጽሑፉን ደብቁልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአስተርጓሚነት ተማሪዎች ስላለው ጥቅም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አብዛኛው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ዘለላችሁ፦ ንግግሩ በጽሑፍ ከፊቱ ሲታይ ተማሪው ማዳመጥ ይተዋል።

እኔ አስተርጓሚዎችን አስተምራለሁ። መሣሪያውን አልጠላም፣ እንዲያውም ገላግሎኛል። ድሮ ሰምተው በቃል መልሰው የሚናገሩትን የልምምድ ንግግር የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ይዘጋል። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ሳይሰለች ያንኑ ንግግር አንዴ ቀስ፣ አንዴ ፈጠን አድርጎ፣ ሲፈልጉም ስምና ቁጥር አጭቆበት ይለቅላቸዋል። ቁጥር ደግሞ የአስተርጓሚ ጠላት ነው። "14 ሚሊዮን 600 ሺህ" የምትለዋን ለመያዝ ሲታገሉ አጠገቧ ያለው ሐሳብ ሹልክ ይላል።

ጣጣው የሚመጣው ስልኩ የሚነገረውን እየጻፈ ሲያሳያቸው ነው። በቀደም አንዷ ተማሪዬ የሦስት ደቂቃ ንግግር አንድም ሳታስቀር መለሰችልኝ። ተደንቄ ጠጋ ብል ለካ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፣ እያነበበች! አጥፊውና እንደገና አልኳት። ግማሹ የለም።

አማርኛ ላይ ይብሳል፣ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነዋ። "ሁለቱ ወገኖች ትናንት ማምሻውን ከአደራዳሪዎቹ ፊት ተቀምጠው ያነበቡትን ስምምነት..." ሲባል ፈርመውት ይሁን ትተውት ገና አይታወቅም። ያቺ "አል" የምትል ቁራጭ ትምጣ አትምጣ እስኪለይ ድረስ ሁሉንም በጭንቅላት ይዞ መጠበቅ ነው። ዓይኑ ጽሑፍ የለመደ ተማሪ ይህን ከየት ይማረዋል?

ደግሞ ነጥብ አሰጣጡ! የሰሙትን በዚያው ቋንቋ መልሰው ሲናገሩ መሣሪያው ቃል በቃል ካመሳከረ፣ ሐሳቡን ጨብጦ በራሱ አባባል ያቀረበውን ይቀጣና እንደ በቀቀን የደገመውን ይሸልማል። አስተርጓሚው ዣን ፍራንስዋ ሮዛን እ.ኤ.አ. በ1956 ለአስተርጓሚዎች ስለ ማስታወሻ አያያዝ ሲጽፍ መጀመሪያ ያስቀመጠው መርሕ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ያዙ የሚል ነበር። ቃል ቆጣሪው መሣሪያ ይህን አልሰማም መሰለኝ።

እኔ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው። ድምፅ ብቻ ይሰማሉ፣ እስክሪብቶ የለም፣ ከአንድ ደቂቃ ጀምረን ሦስት እንደርሳለን። የተናገሩትን ቀድተው ራሳቸው ያዳምጡታል። ጽሑፉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህን መሣሪያዎች የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ልምምዱ እስኪያልቅ ጽሑፉን የሚደብቅ አንድ ቁልፍ ጨምሩልን፤ ተማሪ በራሱ ፈቃድ አያጠፋውም።

ያቺ ተማሪ አሁን ስልኳን ገልብጣ ነው የምትቀመጠው። ትናንት ቁጥሩን ይዛዋለች። የተናጋሪውን ስም ግን ረስታዋለች።

አንድ የአስተርጓሚነት መምህር