ልጃችሁ «ጋርድ ልግባ» ካለ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቅዳሴ ሲያልቅ እናቶች ጥግ አስይዘው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ልጄ ሐኪም ነው መሆን የሚፈልገው፤ አሁን ደግሞ ናሽናል ጋርድ (የአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ጦር) ልግባ ይላል። ምን ይሻላል?» እኔን የሚጠይቁት ኮሌጅ እያለሁ ጋርድ ገብቼ ሜዲክ (ቁስለኛን የሚረዳ የጦር ሕክምና ባለሙያ) ስለነበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ሬዚደንት፣ ማለትም በሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም ስለሆንኩ ነው። ለሁሉም በያለበት ከማስረዳ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ድንጋጤያቸው ይገባኛል። ወታደር ሲባል እነሱ የሚያስታውሱት የደርግን አፈሳ ነው። እናቴም ያን ሰሞን እህል አልወርድልሽ ብሏት ነበር። እዚህ ግን በፈቃድ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ገደማ። ሪክሩተሩም (የጦሩ መልማይ) የሚላችሁ ይህንኑ ነው፤ አልዋሸም። ከዚያ በፊትና በኋላ ስላለው ግን ብዙ አያወራም።

ቤዚክ ትሬኒንግ፣ የመጀመሪያው የወታደር ሥልጠና፣ 10 ሳምንት ነው። ሜዲክ ለመሆን ደግሞ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ወርዶ አራት ወር ገደማ መሠልጠን አለ። የሰመር እረፍት ከሦስት ወር ብዙም አያልፍም። እንዴትም ቢከፋፈል አንድ ሴሚስተር መብላቱ አይቀርም።

ውሉ በጠቅላላ 8 ዓመት ነው። በተለምዶ 6ቱ ድሪል፣ ያ የወሩ ቅዳሜና እሁድ ልምምድ፣ የሚወጣባቸው ናቸው፤ 2ቱ ስም ብቻ ተመዝግቦ የሚቆይባቸው። በ19 ዓመቱ የፈረመ ልጅ ድሪሉን የሚጨርሰው በ25 ነው። ሳያቋርጥ ከተማረ ያኔ ሜዲካል ስኩል ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። «ኮሌጅ እያለሁ ላገልግል» ያለው ነገር ኮሌጅን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው።

ጥሪም አለ። ጥር 2021 ዋሽንግተን ላይ 25 ሺህ ያህል የጋርድ ወታደር ሲሰበሰብ እኔ የሜዲካል ስኩል አንደኛ ዓመት ነበርኩ። ካፒቶል (የምክር ቤቱ ሕንፃ) ውስጥ ወለል ላይ የተኙትን ወታደሮች ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ትምህርት ቤቴ ፈተናውን አራዘመልኝ፤ ያመለጠኝን አናቶሚ ግን ማንም አላጠናልኝም።

ታዲያ ምን አገኘሽ ካላችሁኝ፣ እጄን። የደም ማቆሚያውን ማሰሪያ ጭን ላይ አጥብቆ፣ ዱላዋን ደሙ እስኪቆም ማዞር። የታሰረበትን ሰዓት በማርከር እላዩ ላይ መጻፍ። ጓደኛህ ላይ ስትለማመድ ያምመዋል፣ ይጮኻል፤ ማላላት የለም። ይህን በ20 ዓመቴ ተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እጄ አይንቀጠቀጥም። የኢኤምቲ (የአምቡላንስ ድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ) ፈቃድም ከዚያው ነው ያወጣሁት። የሜዲካል ስኩል አስገቢ ኮሚቴዎች ዩኒፎርሙን ያከብራሉ፤ የወረደ ጂፒኤን (የኮሌጅ አማካይ ውጤት) እና ደካማ ኤምካትን (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ ልጁ ሥራውን ከወደደው ይግባ። ለሜዲካል ስኩል ክፍያ ብሎ ከሆነ ግን አይፈርም፤ ለሱ ሌላ በር አለ። ኤችፒኤስፒ የሚባለው የጦሩ ስኮላርሺፕ ሙሉ የትምህርት ክፍያውን ይችላል፣ በየወሩም ኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ውለታው በተከፈለለት ዓመት ልክ ማገልገል ነው። ቤተዝዳ ያለው የጦሩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጭራሽ ደሞዝ እየከፈለ ያስተምራል፤ በምትኩ 7 ዓመት ያስገለግላል። ሁለቱም ቀድሞ ወታደር መሆንን አይጠይቁም። እንዲያውም ጋርድ ውስጥ ያለ ልጅ ወደዚያ ለመዛወር መልቀቂያ መለመን አለበት።

ዜግነት ግን ይጠይቃሉ። በዲቪ መጥቶ ገና ግሪን ካርድ ላይ ላለ ልጅ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጋርድ በግሪን ካርድ ይቀበለዋል፤ በአገልግሎቱም አምስት ዓመቱን ሳይጠብቅ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ እኔም «አስብበት» ነው የምለው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «ሜዲክ ትሆናለህ» ተብሎ በቃል ብቻ የተነገረው ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሜዲክ ኮድ 68 ደብልዩ ነው። ውሉ ላይ ተጽፎ ካላየ እስክሪብቶውን አያንሳ።

የቀድሞ የጋርድ ሜዲክ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ